ከትምህርት ቤት ሲደወል፦ ስለ ሚድል ስኩል ደኅንነት፣ ሥነ ምግባርና ስሜት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አገር ቤት የተማርን ሰዎች «ወላጅ አምጣ!» የምትባለዋን ነገር አንረሳትም። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳትሰማ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቤት ስንገባ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

አሁን ተራው የእኛ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በወላጆችና በትምህርት ቤቶች መካከል ለዓመታት አስተርጉሜያለሁ። የራሴ ልጆችም ሚድል ስኩልን አልፈዋል፤ እኔም አብሬ አልፌዋለሁ ማለት ይቻላል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ስብሰባ ካለቀ በኋላ ፓርኪንግ ላይ፣ ወይም ከቅዳሴ መልስ ሻይ ላይ የሚነሱ ናቸው። ጠበቃ አይደለሁም። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስል ግን አገሩን ሁሉ የሚገዛ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሚድል ስኩል ከኤለመንተሪ በምን ይለያል?

አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ባመዛኙ 7ኛና 8ኛ ብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ «ኢንተርሚዲየት» ይሉታል። ስሙ ብዙ አያስጨንቅ። ትልቁ ልዩነት ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያይ አንድ አስተማሪ አለመኖሩ ነው። ከክፍል ክፍል ይዞራል። ሒሳብ ላይ ዝም ያለ ልጅ ሳይንስ ላይ ይረብሽ ይሆናል፤ ሁለቱ አስተማሪዎች ግን ላይነጋገሩ ይችላሉ። ነገሩን የሚያገጣጥመው ካውንስለሩ፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪው፣ ነው። የልጃችሁን ካውንስለር ስም ካላወቃችሁ ነገ ጠዋት ደውላችሁ ጠይቁ።

ከትምህርት ቤቱ ተደወለልኝ። ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?

ምንም ላያጠፋ ይችላል። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ለብዙ ነገር ይደውላል። ልጁ አንድ ክፍል ላይ ከቀረ ማሽን ይደውላል። ሆዱን ከቆረጠው ነርሷ ትደውላለች።

አንድ ጊዜ ካውንስለር ለአንዲት እናት እንዳስተረጉም ጠራችኝ። የሰባተኛ ክፍል ልጇ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ አልበላችም። ካውንስለሯ ተጨንቃለች፤ ከውፍረትና ክብደት ጋር የተያያዘ የአመጋገብ ሕመም ነው ብላ ጠርጥራለች። እናትየው ሥራ አቋርጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ነገሩን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ላይብረሪ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ስለዚህ ጾም ሲገባ፣ ረመዳንም ቢሆን፣ ለካውንስለሩ አንድ መስመር ኢሜይል ላኩ።

ስልኩን ስታነሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ልጄ ደኅና ነው?» ነው። ቀጥሎ ምን ተፈጠረ፣ መቼ፣ ማን አየ፣ ልጄ ራሱ ምን አለ፣ አሁን ምን ልታደርጉ ነው? በሉ። በጽሑፍ እንዲላክላችሁም ጠይቁ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እኛ አማርኛ ስንናገር «እሺ» ማለት እናበዛለን። ለእኛ «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። እነሱ ጋ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሆኖ ሲሄድ «ተስማምቻለሁ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ አባት አሥር ደቂቃ ሙሉ «እሺ» ሲሉ ቆይተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ «በጭራሽ አልስማማም!» አሉኝ። ተመልሰን ገባን።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለ። ልጄ ቢያስተረጉምልኝስ?

አይሆንም። ከእኔ ሥራ ስለሚወስድ አይደለም። ልጁን ዳኛም ተከሳሽም ማድረግ ስለሆነ ነው። «ሦስት አሳይንመንት አልሰጠም፣ ክፍልም ይረብሻል» የተባለው ነገር በልጁ አፍ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል» ሆኖ ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በልጁ አልፈርድም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምተረጉመው።

በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ማግለል አይችልም፤ የቋንቋ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አሌክሳንድሪያና ሲያትልም ለወላጅ የሚላኩ መልእክቶችን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ቢሮ ስትገቡ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» በቂ ነው። ክፍያ የለውም። ለቀጠሮ ከሆነ ከጥቂት ቀን በፊት አሳውቁ። ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ልጄ ሰስፔንድ ተደረገ (ለጊዜው ከትምህርት ታገደ)። ዝም ብለው ማባረር ይችላሉ?

ዝም ብለው አይችሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 «ጎስ እና ሎፔዝ» በተባለው ጉዳይ ወስኗል። ለአጭር ጊዜ፣ እስከ አሥር ቀን፣ ሰስፔንድ የሚደረግ ተማሪም ቢሆን ምን አጠፋህ እንደተባለ ሊነገረው ይገባል። ካስተባበለ ማስረጃው ሊብራራለት፣ የራሱን ወገን የማስረዳት ዕድልም ሊሰጠው ይገባል። ልጁ ለሌሎች አደጋ ከሆነ መጀመሪያ ከክፍል አስወጥተው በኋላ ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ከአሥር ቀን በላይ ሲሆን ሥርዓቱ ጠበቅ ይላል፤ ይግባኝም አለው። ወረቀቱ ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ ስለሚኖር መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ፣ ማለትም «አይኢፒ» ያለው፣ ተጨማሪ ከለላ አለው። ቅጣቱ ከአሥር የትምህርት ቀን ካለፈ፣ ጥፋቱ ከችግሩ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚያይ ስብሰባ መደረግ አለበት። እናንተም የስብሰባው አባል ናችሁ። «ልጄ አይኢፒ እንዳለው ሰው እንዳይሰማ» ብላችሁ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ የምትደብቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አውጡት።

ዲቴንሽን ቀላሉ ነው፤ ምሳ ላይ ወይም ከክፍል በኋላ ተቀመጥ ማለት ነው። በእነዚህ ሦስቱ አካባቢዎች አስተማሪ ልጅ መምታት አይችልም። ተንበርከክ ማለትም የለም።

«ሪስቶራቲቭ ሰርክል» ብለው ጠሩን። ምንድን ነው?

ሽምግልና ነው። ዛፉ ብቻ ነው የቀረው። ያጠፋው ልጅ፣ የተበደለው፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ አንዳንዴም ወላጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ምን ሆነ፣ ማን ተጎዳ፣ በምን ይካሳል ይባላል። ሽምግልና አይቶ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንዳንድ ወላጆቻችን ግን «ቅጣት ፈርተው ነው» ይላሉ። እኔ ለሁለት እኩዮች ጠብ ጥሩ ነው እላለሁ። አንዱ ልጅ ሌላውን ለወራት ሲያሰቃየው ከኖረ ግን ተበዳዩን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። እንዲህ ከሆነ «ልጄ ዝግጁ አይደለም» ማለት ትችላላችሁ።

ልጄ ቀልዶ ነው። ለምን ፖሊስ ጠሩ?

ይህችን ረጋ ብለን እንያት፤ ብዙ ቤት ያስለቀሰች ናት።

አማርኛችን በግድያ የተሞላ ነው። «ዛሬ ገድዬህ ነው የምገባው» ይላል ጓደኛ ለጓደኛው፣ እየሳቀ። እናትም «እሰቅልሃለሁ!» ትላለች፤ ማንም አይሰቀልም። ልጆቻችን ይህን ከቤት ለምደው ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጡታል። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስናፕቻት ላይ «ነገ ሁላችሁንም እገድላችኋለሁ» ብሎ ሦስት የሳቅ ምስል ቢጨምርበት፣ አንዱ ስክሪንሾት ያነሳዋል። ሌሊቱን ርእሰ መምህሩ ጋ ይደርሳል። ጠዋት በር ይንኳኳል።

እነሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1999ኙ የኮሎምባይን ሃይስኩል የተኩስ እልቂት ወዲህ ከጥቃት በፊት የተነገረ ነገር ሁሉ በቁም ነገር ይታያል። ቨርጂኒያ በ2013 እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዛቻ የሚመረምር ቡድን እንዲኖረው በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። ቡድኑ ውስጥ የትምህርት ቤት አመራር፣ ካውንስለር፣ ፖሊስም ይኖርበታል። ሥራቸው መቅጣት ብቻ አይደለም። ልጁ የምሩን ነው ወይስ አፉ አምልጦት? መሣሪያ ያገኛል? ተከፍቶ ነው? ብለው ይመረምራሉ። ቤታችሁ መሣሪያ እንዳለ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

ለልጃችሁ እንዲህ በሉት፦ ቦምብ፣ ሽጉጥ፣ መግደል፣ እነዚህ ሦስት ቃላት ትምህርት ቤት ውስጥም ስልክ ላይም ለቀልድ አይሆኑም። እኛም ቤት ውስጥ «እሰቅልሃለሁ»ን ብንተዋት ደግ ነው። (እናቴ ብትሰማኝ ትሰቅለኛለች።)

ቦርሳውን መፈተሽ፣ ፖሊስም መጠየቅ ይችላል?

የትምህርት ቤቱ ሰው ቦርሳ ለመፈተሽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልገውም። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል ብሏል። ግን ገደብ አለው። አሪዞና፣ ሳፎርድ ሚድል ስኩል ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ኢቡፕሮፌን ይዛለች ተብላ ልብሷን እስከ ውስጥ ድረስ አስወልቀው ፈተሿት። ምንም አልተገኘም። በ2009 ፍርድ ቤቱ ፍተሻው ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ። ከዚህ የምንወስደው ሌላም ነገር አለ፤ የራስ ምታት ክኒን ልጅ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ፎርም ሞልታችሁ ለነርሷ ስጡ።

ፖሊስን በተመለከተ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የሰባተኛ ክፍል፣ የ13 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በዝግ ክፍል ተጠየቀ። አሳዳጊ አያቱ አልተጠሩም። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የልጁ ዕድሜ ግምት ውስጥ መግባት አለበት አለ፤ ልጅ እንደ አዋቂ «ልሂድ» ብሎ ተነስቶ አይወጣምና። ሜሪላንድ ደግሞ በ2022 ባወጣችው ሕግ ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያለን ልጅ ከመጠየቁ በፊት ልጁ ጠበቃ እንዲያማክር አድርጋለች። ልጃችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይያዝ፦ «ወላጆቼ እስኪመጡ መናገር አልፈልግም።» በትሕትና ይበላት። አይሩጥ፣ አይታገል።

ልጄን ያሾፉበታል። ማን ጋ ነው የምሄደው?

የኛ ልጆች የሚሾፍባቸው በሚታወቅ ነገር ነው። ምሳ ዕቃው ሲከፈት በሚሸተው ወጥ። ስማቸው ሲጣመም። አንገታቸው ላይ ባለው ማተብ፣ ራሳቸው ላይ ባለው ሒጃብ። አንድ ጊዜ የተወረወረ ቃል ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው። ቡሊንግ የሚባለው ሲደጋገም፣ ወይም ሊደጋገም የሚችል ሲሆን፣ አድራጊውም በጉልበት ወይ በወዳጅ ብዛት የበላይ ሲሆን ነው። ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም የትውልድ አገርን የሚነካ ከሆነ ደግሞ የሲቪል መብት ጉዳይም ሊሆን ስለሚችል፣ ስትጽፉ ያችን ነገር በግልጽ ጥቀሷት።

በቃል ተናግሮ መመለስ አይበቃም። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ፎርም አለ፤ ወላጅም ተማሪም መሙላት ይችላል። ሌላ ቦታ ኢሜይል ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ ያየ ሰው። «ልጄን አስቸገሩት» ከማለት «ማክሰኞ፣ በአራተኛው ፔሬድ፣ ሎከሩ አጠገብ እንዲህ አሉት» ማለት ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል። የስልክ መልእክት ከሆነ ሳታጠፉ ስክሪንሾት ያዙ። ሜሪላንድ በኢንተርኔት ልጅን ማሰቃየትን በ2013 በወጣው «ግሬስ ሎው» ወንጀል አድርጋዋለች።

«ምታው፣ አትፍራ» የሚል ምክር የምትሰጡ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስሜቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሰስፔንድ መደረግ ነው።

«ሎክዳውን» የሚል ቴክስት መጣልኝ። ልሩጥ?

አትሩጡ፤ ልጁ ጋም አትደውሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ የስልኩ ድምፅ ያጋልጠዋል።

መጀመሪያ ቃሉን በደንብ አንብቡ። ብዙ ትምህርት ቤቶች አምስት ቃላት ይጠቀማሉ። «ሆልድ» ማለት ኮሪደር ላይ አትውጡ ማለት ነው፤ ምናልባት አንድ ልጅ ታሞ አምቡላንስ መጥቶ ነው። «ሴኪዩር» አደጋው ውጭ ሰፈር ውስጥ ነው፣ የውጭ በር ተቆልፏል፣ ውስጥ ትምህርት ቀጥሏል ማለት ነው። «ሎክዳውን» ከባዱ ነው፤ አደጋው ውስጥ ነው፣ በር ይቆለፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዝም ይባላል። «ኢቫኩዌት» መውጣት፣ «ሼልተር» ከአውሎ ነፋስና ከመሳሰለው መጠለል። «ድሪል» የሚል ካለበት ልምምድ ነው።

እነዚህን ቃላት ያዘጋጀው ተቋም ስሙ «አይ ላቭ ዩ ጋይስ» ነው። በ2006 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ታግታ የተገደለች የ16 ዓመት ልጅ ለቤተሰቧ የላከችው መልእክት ነው፤ «እወዳችኋለሁ» ማለቷ ነበር። ወላጆቿ ናቸው ያቋቋሙት።

ከባድ ነገር ከተፈጠረ ልጆቹን በሌላ ቦታ በመታወቂያ ያስረክባሉ። እዚህ ላይ የኛ ስም ያስቸግራል። የልጁ ላስት ኔም የእናንተ ፈርስት ኔም ነው። የእናትየው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ፈረንጁ መታወቂያውን አገላብጦ «ምን አገናኛችሁ?» ይላል። ስለዚህ በመስከረም በምትሞሉት የድንገተኛ ጊዜ ፎርም ላይ የአባት፣ የእናት፣ የአክስት፣ የጎረቤት ስም መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። «ጽጌ» አንድ ቦታ በ«ቲ»፣ ሌላ ቦታ በ«ኤስ» ተጽፋ አንዲት አክስት ግማሽ ሰዓት ቆማለች።

ስልክ ቢይዝ ምናለ? እኔ ማግኘት እፈልጋለሁ።

ቨርጂኒያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ድረስ በሕግ ከልክላለች። የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በ2025 የተጀመረው የትምህርት ዘመን እንዲሁ አድርገዋል። አስቸኳይ ከሆነ ቢሮ ደውሉ፤ ልጁን ይጠሩላችኋል። ለእራት ምን እንብላ ማለት አስቸኳይ አይደለም።

«ሶሻል ኢሞሽናል ለርኒንግ» ምንድን ነው? ከእምነታችን ጋር ይጋጫል?

የማኅበራዊ ኑሮና የስሜት ትምህርት ማለት ነው፤ በአጭሩ «ኤስኢኤል» ይሉታል። ሥሩን ከፈለጋችሁ በ1968 የዬል ዩኒቨርሲቲው ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ጄምስ ኮመር በኒው ሄቨን ሁለት የድኻ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመረ። ልጁ ከሰው ጋር ካልተሳሰረ ሒሳቡም አይገባውም አለ። በ1994 የተቋቋመው «ካስል» የተባለ ተቋም ደግሞ በኋላ ሐሳቡን አምስት ዘርፍ አደረገው። ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው መግባባት፣ አስቦ መወሰን። «ራስን መግዛት» ስትባል አያቴ ትዝ ትለኛለች። ቃሉ እኛ ጋ አዲስ አይደለም።

ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል? ጠዋት «አድቫይዘሪ» የሚሉት አጭር ክፍለ ጊዜ አለ። አንድ ቀን ገብቼ ነበር። አስተማሪው «ስትናደዱ ሰውነታችሁ ላይ መጀመሪያ ምን ይሰማችኋል?» አለ። አንድ የኛ ልጅ «ጆሮዬ ይግላል» ብሎ ጻፈ። «ሲግል ምን ታደርጋለህ?» «ውኃ ልጠጣ እወጣለሁ።» በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ወላጆች የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለ ተመሳሳይ ጾታና ስለ ጾታ ማንነት የሚያወሱ የልጆች የተረት መጻሕፍትን በኤለመንተሪ የንባብ ትምህርት ውስጥ አስገብቶ፣ ወላጅ ልጁን ማስወጣት እንዳይችል በ2023 ከልክሎ ነበር። ሮክቪል ላይ ሰልፍ ሲወጣ ሙስሊሞችና የኛ ኦርቶዶክሶች ጎን ለጎን ነበሩ። ጉዳዩ «ማህሙድ እና ቴይለር» ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 27፣ 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ክርክሩ እስኪያልቅ ወላጆቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸው፣ ልጆቻቸውንም ማስወጣት እንዲችሉ ተወሰነ። ያ ግን የንባብ መጽሐፍ ጉዳይ እንጂ ኤስኢኤል አልነበረም። ሁለቱን አንቀላቅል። ጥርጣሬ ካላችሁ «የአድቫይዘሪውን ማቴሪያል ማየት እፈልጋለሁ» በሉ። እኔ ካየሁት አብዛኛው ስለ ቁጣ፣ ስለ ጓደኛና ስለ ደብተር አያያዝ ነው።

ቤት ውስጥ የምትረዱበት አንድ መንገድ ልስጣችሁ። እዚህ ያደጉ ልጆች «ማድ» እና «ሳድ» ብቻ ነው ያላቸው። አማርኛ ግን «ከፋኝ»፣ «ቅር አለኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «አኮረፍኩ» አለው። አራቱ አንድ አይደሉም። አስተምሯቸው። ሆድ ብሶት የመጣ ልጅ ተናዷል ተብሎ ሲመከር ማየት ያሳዝናል።

ካውንስለር ጋ ሂድ ተባለ። ልጄ አእምሮው ተነክቷል ማለት ነው?

አይደለም። ካውንስለር የክፍል ምርጫም ያስተካክላል፣ የጓደኛ ጠብም ይዳኛል፣ ያለቀሰ ልጅም ያነጋግራል። «ሰው ምን ይላል» ብላችሁ ከሆነ፣ የትምህርት መዝገብ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሰፈር አይወጣም። እናንተ ግን ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ልጅ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ግን ጠበል ብቻ አትበሉ። ጠበሉም ይሁን፣ ራሱን ሊያጠፋ ለሚያስብ ሰው እርዳታ የሚሰጠው ስልክ 988 ደግሞ ይደወል። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ቤት ውስጥ ብቀጣው መንግሥት ይወስድብኛል?

አስተማሪ፣ ነርስ፣ ካውንስለር፣ ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ለሕፃናት ጥበቃ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። ምርጫቸው አይደለም፤ ስለዚህ አስተማሪዋን አትቀየሙ። ቀበቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በበርበሬ ማጠን፣ ምልክት የሚተው ነገር ሁሉ ችግር ውስጥ ይከታል። ሪፖርት ማለት ልጅ መውሰድ አይደለም፤ አብዛኛው በጥያቄና በምክር ያልቃል። ቤት ከመጡ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጁ አያስተርጉም።

«አገራችን ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። የአገራችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል።

ወረቀት የለኝም። ለስብሰባ ብሄድ ይጠይቁኛል?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 «ፕላይለር እና ዶ» ላይ ወረቀት የሌለውም ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ የመማር መብት አለው ብሏል። ለወላጅ ስብሰባ የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን የሚጠይቅ የለም። ከሚያስጨንቃችሁ በስልክ ወይም በዙም ይደረግልኝ በሉ።

«ልጅዎ ስናናግረው ዓይናችንን አያይም» አሉኝ። ምን ልበል?

እውነቱን ንገሯቸው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ፊት ለፊት ማፍጠጥ ድፍረት ነው። «ዓይን አውጣ» ስድብ የሆነው ለዚህ ነው። እነሱ ጋ ደግሞ መሬት ማየት መዋሸት ወይም መናቅ ይመስላቸዋል። ሌላም አለ፤ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፤ አስተማሪዋ ልጁ ደነገጠ ብላ ውኃ ልታመጣለት ትነሳለች።

አንዲት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ይህን ከነገርኳት በኋላ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ ለጠፈች፦ «መሬት ካየ፣ እየሰማ ነው።» የአንድ ተማሪዋ እናት ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ወረቀቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ «በደንብ ትለጠፍ» አለች።